የጫካው ፊልም ላይ የምንዘለው ቦታ

ባለፈው ወር ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ወረድ ብሎ ባለ አንድ ክሊኒክ ለምርመራ ደም ልሰጥ ገባሁ። ነርሷ ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክራ ክንዴን ስትጠርገው ደንገጥ አልኩ። ያስደነገጠኝ ሽታው እንጂ መርፌው አልነበረም።

"ፈሩ እንዴ?" አለችኝ።

አልፈራሁም። የጋሽ ደጀኔ ሳሎን ትዝ ብሎኝ ነው። ይህንን ወረፋ ለበዛባት ነርስ ማስረዳት ስለማይቻል "ትንሽ" አልኳትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አልኮል ለብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሐኪም ቤት ነው፤ ለእኔ ግን የቪዲዮ ዴክ ነው። አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ከጥር ጀምሮ እስከ ፋሲካ ሳምንት ድረስ፣ የዴኩን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክብ ብረት፣ አልኮል በነካ ንጹሕ ወረቀት የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ደጀኔ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ሥራው ለትንሽ ጣት ተላለፈ። በግቢው ውስጥ ካሉት ጣቶች ደግሞ የእኔ ንጹሕ ናቸው ተብሎ ታመነ። እናቴ በዚህ አልተስማማችም ነበር።

ግቢያችን ካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ ነበር፤ አራት ቤተሰብና አንድ ቧንቧ። ዛሬ ቦታው የሆቴል መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ቆሜ አየሁትና የእኛ ቤት የት ጋ እንደነበረ እንኳ መለየት አቃተኝ። ብዙም አልከፋኝም፤ ቤቱ ክረምት ክረምት ያፈስ ነበር።

ቴሌቪዥንና ዴክ የነበራቸው ጋሽ ደጀኔ ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ። የዕድሜያቸውን ግማሽ ያሳለፉት የወንዝ ውሃ የሚለኩ ፈረንጆችን በላንድሮቨር ጭነው ቆላ ለቆላ ሲዞሩ ነው። እንግሊዝኛቸውንም የለመዱት እዚያው መሪ ላይ ሆነው ነው። ዴኩን ልጃቸው ከጅዳ ላከችላቸው። የጫካውን ፊልም ካሴት ግን ፈረንጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው አገራቸው ሲገቡ ከድስት፣ ከብርድ ልብስና ከአንድ የተሰበረ ወንበር ጋር ትተውላቸው ሄዱ። ሽፋን የለውም። ርእሱ የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ "ዘ" የሚል ድምፅ ያላት ቃል ብቻ ቀርታለች። የሰፈሩ ካሴት አከራይ ሊገዛው አስቦ ወስዶ አየውና በማግሥቱ መለሰው። "ጋሼ፣ ይሄን ማን ያየዋል? ድብድብ የለው፣ ዘፈን የለው። አክተሮቹንም አላውቃቸውም" አላቸው።

ማን እንደሚያየው እኛ እናውቃለን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋሽ ደጀኔ ሳሎን ይከፈታል። እናቴ ትመጣለች፤ የእናቴ ታናሽ እህት የሺ ትመጣለች፤ በር ላይ ሱቅ ያላት እትዬ ዘይነባ ሱቋን ለእህቷ ልጅ ትታ ሽምብራ ቆሎ ይዛ ትመጣለች። ከአከራዩ የመጣ አዲስ ካሴት ካለ አንዴ ይታያል። ከዚያ አንዷ "እስቲ በናትዎ ያንን የጫካውን ያድርጉልን" ትላለች። ጋሽ ደጀኔ ይህንን ሲጠብቁ እንደቆዩ ሳይታወቅባቸው ካሴቱን ከፎጣ ውስጥ ያወጡታል።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት የከተማ ሴት የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ በረዶ ወደሚጥልበት ጫካ ትመጣለች። መንገድ የሚያሳያት አንድ ጢማም ሰውዬ ትቀጥራለች። ወንዝ አለ፣ ታንኳ አለ፣ ሁለት በቅሎዎች አሉ፤ አንደኛዋ መሐል ላይ ገደል ትገባለች። ድብ ይመጣል። እትዬ ዘይነባ ድብ የሚባለውን ነገር እስከ መጨረሻው አልተቀበለችም፤ "የጠገበ ጅብ ነው" ትል ነበር። ወንድምየውን ያገኙታል፤ ማለቴ መቃብሩን ያገኙታል። ሲመለሱ መንገድ ላይ ይዋደዳሉ። ከዚያ እኛ ፎርዋርድ እናደርጋለን። ከፎርዋርዱ በኋላ ሰውየው ብቻውን በታንኳ ሲሄድ፣ ሴትየዋ ወንዙ ዳር ስትቀር ይታያል። ቀጥሎ መብራት በበዛበት ከተማ ስትራመድ እናያታለን፤ ጽሑፍ ይመጣል፤ በቃ።

የሚተረጉሙት ጋሽ ደጀኔ ናቸው። ቃል በቃል አይደለም፤ እንደ ባለሙያ አስተያየት እየጨመሩበት ነው። "ወንዙን አሁን እንሻገር ነው የሚላት። ስሕተት ነው። እኔ ብሆን ጠዋት ውሃው ሲቀንስ ነበር የማሻግራት።" ሁለቱ ሰዎች ለአምስት ደቂቃ ሲነጋገሩ እሳቸው "ስለ በቅሎዋ ነው" ብለው ያልፉታል። ደግሞ ሰውየው አንድ ቃል ሲናገር እሳቸው ሩብ ሰዓት ስለ ባሮ ወንዝ ያወራሉ። ማንም አይቆጣቸውም። እንዲያውም ፊልሙን ያለ እሳቸው ማየት ጨው የሌለው ሽሮ ነው ይባል ነበር።

ፎርዋርድ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሪሞቱ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ዴኩ ሥር ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ። ሰውየውና ሴትየዋ እሳት ዳር ተቀምጠው ፊታቸው መቀራረብ ሲጀምር ጋሽ ደጀኔ "ሚጡ" ይላሉ፤ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። በመጀመሪያ ማቆሚያውን፣ ቀጥሎ ፎርዋርዱን እጫናለሁ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆናል። እስከ አርባ እቆጥራለሁ። ሠላሳ አምስት ላይ ካቆምኩ የተገለጠ ትከሻ ይታይና "ኧረ ልጅት!" እባላለሁ። አርባ አምስት ካለፍኩ ደግሞ ታንኳው ርቆ ሄዷል። አርባ ላይ ሰውየው ታንኳውን ወደ ውሃው ሲገፋ ልክ ይደርሳል። በምቆጥርበት ጊዜ ትልልቆቹ ሰዎች ሥራ ይፈልጋሉ። እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ እትዬ ዘይነባ የቆሎ ገለባ ከቀሚሷ ላይ ትለቅማለች፤ ጋሽ ደጀኔ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የውሃ ምልክት ያያሉ።

ለምን እንደምንዘለው ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። በእኛ ቤት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፊታቸውን የሚያቀራርቡት የሰው በሽታ ወይም የሰው ጉድ በሹክሹክታ ሊነጋገሩ ሲሉ ነው፤ ያኔ ሕፃን ከክፍል ይወጣል። ስለዚህ ፊልሙም ላይ ሰውየው ለሴትየዋ ምስጢር የሚነግራት ቦታ ነው ብዬ አምን ነበር። ምስጢሩን ሌላ ሰው እንዳይሰማው የእኔ ጣት እየተጠበቀ ነው ብዬ እኮራ ነበር።

የሺ ግን በዘለልን ቁጥር ትጠይቃለች። ታንኳው ሲወጣ ወደ ጋሽ ደጀኔ ዞራ "እዚያ ጋ ምን ብሏት ነው የሄደው?" ትላለች።

"ስንብት ነው" ይላሉ።

"ስንብት ብቻ?"

"ስንብት ነው አልኩሽ እኮ ልጄ።"

"ምንም ሳይላት ጥሏት ሄደ ማለት ነው" ትላለች የሺ፤ እናቴም ራሷን ትነቀንቃለች።

የሺ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ወሎ ሰፈር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ትሠራለች፣ ከሥራ ስትወጣ ኮሌጅ ትማራለች። ጠዋት የምትወጣው ጫማዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ደብተሯን በፌስታል አድርጋ ነበር። እኔ ከማንም አስበልጬ እወዳት ነበር፤ ከእናቴም ጭምር።

ያን ዓመት ግርማ ጠየቃት። ግርማ የጋሽ ደጀኔ የእህት ልጅ ነው። ጋምቤላ የጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ ላይ ከፈረንጆች ጋር ይሠራል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣ አጎቱ ቤት ያርፋል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጻፈላት። እሺ ካለች ሥራዋን ለቅቃ ጋምቤላ አብራው ትኖራለች፤ ካምፑ ውስጥ ቤት ይሰጡታል። ደብዳቤውን እናቴ ጮክ ብላ ስታነበው ሰማሁት። እኔ ጋምቤላ በረዶ የሚጥልበት፣ ድብ ያለበት አገር አድርጌ ሳልኩት። ፊልሙ ላይ ያለው ጢማም ሰውዬም ቀስ በቀስ ግርማ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "ምን ጎደለው?" እናቴ ስትፈልግ በሙገሳ፣ ስትፈልግ በቁጣ ትጠይቀዋለች። "አይጠጣም። አያጨስም። ደጀኔን የመሰለ አጎት አለው። ምን ጎደለው? ንገሪኛ።" እትዬ ዘይነባም ሱቋ በር ላይ ትይዛታለች። "ምን ጉድ አገኘሽበት? ካገኘሽ ተናገሪና እንወቀው፤ ካላገኘሽ በቃ እሺ በይ።" የሺ አንድም ቀን አልፈልግም ብላ አታውቅም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "የጫካ ሰው አይታመንም። አላያችሁትም? ምንም ሳይላት ነው ጥሏት የሄደው።"

ሴት ልጅ ሙሉ ሕይወቷን በአንድ አሮጌ ፊልም ላይ ትወስናለች ወይ ሊባል ይችላል። አትወስንም። ነገር ግን በእጇ የነበረው ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር፣ እናቴም ለእሱ መልስ አልነበራትም። ሰውየው ሲሄድ ሁላችንም አይተናል። ጋሽ ደጀኔ በአንድ ቃል ሊያስተካክሉት ይችሉ ነበር። ካሴቱን ብቻቸውን አይተውታል፤ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደተባለ ያውቃሉ። ግን የተባለው ነገር ልብስ ሳይለበስ የተባለ ስለሆነ ሴቶች ፊት መተርጎም ነውር ሆነባቸው። የገዛ እህታቸውን ልጅ ጉዳይ በይሉኝታ ገደሉት።

ይህን ያወቅሁት በጾሙ መጨረሻ ገደማ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ከምሳ በኋላ ቤት ነኝ። ምስሉ ነጭ ነጭ መስመር ማውጣት ጀምሮ ስለነበር ጋሽ ደጀኔ ጠሩኝ። አልኮሉን፣ ወረቀቱንና ካቻቢቴውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውልኝ ቂርቆስ ለቀብር ሄዱ። "ስትጨርሺ ካሴት ከተሽ ሞክሪው፤ ከዚያ ወዲያ ብትነኪው ግን ውርድ ከራሴ" አሉኝ። ክዳኑን ፈታሁ፤ ያንን የሚያብረቀርቀውን ክብ ብረት ወደ ጎን ወደ ጎን ጠረግሁት። ወረቀቱ ጠቆረ። ሽታው አፍንጫዬን አልፎ ዓይኔን አቃጠለኝ። ከዚያ ካሴቱን ከትቼ ማጫወቻውን ተጫንኩ።

ጋሽ ደጀኔ ምስሉ ሲበላሽባቸው ካሴቱን ያቆሙት እሳቱ ዳር ነበር። ማንም "ሚጡ" አላለኝም።

ምስጢር አልነበረም፤ መሳም ነበር። ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽ ደግሞ አዘንኩ፤ ይህን ያህል ወር ስጠብቀው የኖርኩት ይሄን ነው? ግን እጄ ወደ ማቆሚያው አልሄደም። ከመሳሙ በኋላ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ብርድ ልብስ ለብሰዋል፤ ይነጋገራሉ። ብዙ ነው የሚነጋገሩት። የማውቃቸው ቃላት ጥቂት ነበሩ፤ መምጣትና መሄድ፣ አዎና አይደለም። እነሱ ግን በቁ። ሰውየው "ነይ" ይላታል። ሦስት ጊዜ። ሴትየዋ "አይሆንም" ትለዋለች። ደረቱ ላይ እጇን ታደርግና "ሂድ" ትለዋለች። የሚያለቅሰው ሰውየው ነው። ጢማም ሰው ሲያለቅስ ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት።

ካሴቱን ወደ ነበረበት መልሼ ቤቴ ሄድኩ።

ለየሺ መንገር ማለት ማየቴን መናገር ነው። እናቴ ይህንን ብትሰማ በርበሬ ታጥነኝ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። በሆዴ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰውየው ጥሏት አልሄደም፤ ነይ ብሏታል። የሺ ይህንን ካወቀች የምትፈራው ነገር አይኖርም። እሺ ትላለች። ግርማ ይደሰታል፤ እናቴ ታርፋለች፤ እኔም ክረምት ላይ ጋምቤላ ሄጄ በረዶ አያለሁ።

ግርማ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ መጣ። አዲስ ጃኬት ነበረው። የሺ መልሷን በዚያው ቀን እንደምትነግረው ሁሉም ያውቃል። ምሳ ጋሽ ደጀኔ ቤት ተበላ፣ ማንም ዋናውን ጉዳይ አላነሣም። ሰሐኑ ሲነሣ እትዬ ዘይነባ "በሉ የጫካውን ይክፈቱት፤ ግርማ አላየውም አይደል?" አለች። አላየውም ነበር። ጃኬቱን አውልቆ ሶፋው ጀርባ ላይ አደረገና ዝቅ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሺ ከእናቴ አጠገብ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የበላችው አንድ ጉርሻ ብቻ ነው።

ድቡ መጣ፤ ጅብ ተባለ። በቅሎዋ ገደል ገባች። ጋሽ ደጀኔ ስለ ባሮ ሲያወሩ ግርማ "ልክ ነው" አላቸው። ከዚያ እሳቱ ዳር ደረስን።

"ሚጡ" አሉ ጋሽ ደጀኔ።

እጆቼን ታፋዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው።

"ሚጡ!"

"አንቺ ልጅ፣ ተጫኚ እንጂ!" አለች እናቴ። ብድግ ስትል የሺ ክንዷን ያዘቻት። "ተያት" አለቻት። ለምን እንዳለች አላውቅም። ምናልባት ከእኔ የማይጠበቅ እልህ ስላየች ይሆናል።

መሳሙ አለፈ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ነጠላው ስስ ነበር። እትዬ ዘይነባ ሙሉ በሙሉ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጋሽ ደጀኔ ኮርኒሱን እያዩ ላብ በላብ ሆኑ። ድንኳኑ መጣ።

"ምንድነው የሚላት?" አለች የሺ።

ጋሽ ደጀኔ ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ጋሽ ደጀኔ፣ ምንድነው የሚላት?"

"እኔ ይሄን አልተረጉምም" አሉ።

ያኔ ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ። ከፈረንጅ ጋር እንደሚሠራ ሁላችንም ረስተነው ነበር። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣ በቀስታ፣ "'ነይ፣ አብረን እንሂድ' ነው የሚላት" አለ።

የሺ ወደ እሱ ዞረች። "እሷስ?"

"'አልሄድም' ነው የምትለው።"

"ለምን? ምን አድርጓት?"

ትንሽ አዳመጠ። "ምንም አላደረጋትም። 'አንተ ምንም አላጠፋህም' ነው የምትለው። 'እዚህ መኖር አልችልም። እዚህ ብቀር እኔ እኔ አልሆንም'..." ቆም አለ። "'ሂድ' አለችው።"

ክፍሉ ውስጥ የሴትየዋ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ የሚተረጉመው አልነበረም። እኔ የሺን እያየሁ ፈገግ ብዬ ነበር። ነገሩ የተስተካከለ መስሎኝ ነው። የሺ ግን ፊቷ ቀስ እያለ ሲረጋጋ አየሁ፤ ከስንት ወር በኋላ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ፊት ነበር። ተነሣች።

"ግርማ፣ እስቲ ና ውጪ" አለችው።

እናቴ ተከትላ ጆሮዬን ጎትታ በረንዳው ላይ አወጣችኝና ተመልሳ ገባች። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ቧንቧው ጋ ቆመዋል። የሺ ናት የምታወራው። የሚሰማኝ ጥቂት ነበር፤ "አጥፍተህ አይደለም" የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ግርማ አንገቱን ደፍቶ በጫማው ጫፍ አንዲት ጠጠር ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። ብዙ አልቆዩም። የሺ እጁን ጨብጣው ወደ እኔ መጣች።

"ለምን አልተጫንሽም?" አለችኝ።

"እንድትሄጂ ብዬ።"

"እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጥፋት ስፈልግበት ነበር" አለች። "ሳይኖርበትም እምቢ ማለት የሚቻል አልመሰለኝም።" ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋኝ ወደ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋችው።

እንዳበላሸሁት ያኔ ገባኝ። ግርማን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። እሱ ግን ወደ ደረጃው መጣ። ሳሎን መመለስ እንዳልፈለገ ያስታውቃል።

"ጃኬቴን ታመጪልኛለሽ?" አለኝ።

ገብቼ አመጣሁለት። ውስጥ ዴኩ ቆሟል፤ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ነበር። ግርማ ጃኬቱን ተቀብሎ ክንዱ ላይ አጠፈው እንጂ አልለበሰውም።

"ፊልሙ አለቀ?"

"ትንሽ ቀርቶታል።"

"መጨረሻው ምንድነው?"

"ሰውየው በታንኳ ይሄዳል።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን።"

ራሱን ነቀነቀ። "እሷስ?"

"ወንዙ ዳር ቆማ ታየዋለች።"

"ታለቅሳለች?"

ያን ቦታ ፊልሙ የሚያሳያት ከጀርባዋ ነው። ስንት ቅዳሜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ፊቷን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ወደ የሺ በር ዞር አልኩ። እንደተዘጋ ነበር።

"ታለቅሳለች" አልኩት።